ማንም ያልመታው ኳስ

ጨዋታው ሊያልቅ ትንሽ ቀርቶታል። አንድ ለአንድ ነን። ኳሷ ከመሀል ሜዳ አለፍ ብላ አጥቂዬ እግር ስር ገብታለች። የማቀብለው ሰው እየፈለግኩ ነበር። ድንገት አጥቂው ዞር አለና ለጋት። ኳሷ በተከላካዮቹ አናት ላይ አለፈች። በረኛው ተወረወረ፤ አልደረሰባትም። ከላይኛው ጥግ ገባች።

ከኋላዬ ቆመው የሚያዩት ልጆች ጮኹ። እኔም ጮህኩ። አንዱ ጓደኛዬ ብቻ ዝም አለ። ትከሻዬን ያዝ አደረገና «አልተጫንክም እኮ» አለኝ። «ጣትህን እያየሁ ነበር። የመምቻዋን ቁልፍ አልነካሃትም።»

ልክ ነበር። አውራ ጣቴ የማቀበያው ቁልፍ ላይ ተቀምጧል። እሱንም ገና አልተጫነም። አጥቂው ግን መትቷል፤ ጎሉም ገብቷል።

በእኛ ሕግ ከኮምፒዩተሩ ጋር ተጫውቶ ያላሸነፈ ለቀጣዩ ያቀብላል። አቻ የወጣም ያቀብላል። ስለዚህ ያ ጎል ቀላል ነገር አልነበረም። «ጎል ጎል ነው» ያሉ አሉ። «ማሽኑ ያገባውን ለሱ አንቆጥርም» ያሉም አሉ። በመጨረሻ የዕቃው ባለቤት ጎሉን አጸደቀልኝና ጨዋታው ቀጠለ። ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። ያንን ኳስ ማን መታው?

ዕቃው ፕሌይስቴሽን ቪታ ነው፤ ሶኒ የሠራው በእጅ ተይዞ የሚጫወቱበት ኮንሶል። የጓደኛችን ወንድም ከዱባይ ያመጣለት። ምስጢሩም ብዙ አልቆየም። ጌሙ የዕቃውን ጀርባ እንደ ጎል አፍ ይቆጥረዋል። ጀርባው ላይ የጣት ንክኪ የሚያውቅ የተች ሰሌዳ አለ፤ የሱን ቀኝ ጥግ ብትነካ ኳሱ ወደ ጎሉ ቀኝ ጥግ ይሄዳል። ከሥር ደግፎ የያዘው የመሀል ጣቴ ሰሌዳውን ነክቶት ኖሯል። ሴቲንግ ውስጥ ገብተን አጠፋነው። ከዚያ በኋላ እንደዚያ ዓይነት ጎል አልታየም።

እኔን ያልለቀቀኝ ሌላ ነገር ነው። ያ ጣት ሥራው መያዝ ብቻ ነበር። እንዴት መቺ ሆነ?

ስም ሳይወጣለት የተጨቃጨቅንበት

ቪታ ገና ስም ሳይኖረው ስለ ጀርባው ተከራክረናል። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ልንገራችሁ። ጊዜው የ2010 መጨረሻ ነው። አዲስ ፒኤስፒ፣ ማለትም የሶኒ የቀድሞው የእጅ ኮንሶል ተተኪ፣ ሊወጣ ነው የሚል ወሬ ኢንተርኔቱን ሞልቶታል። ሾልኮ የወጣ ፎቶም አለ፤ ስክሪኑ ወደ ላይ የሚንሸራተት ነው። ከፎቶው ይልቅ ያጨቃጨቀን ግን አንድ ሐሜት ነው። ጀርባው ላይ ተች ይኖረዋል ተባለ።

ወሬ ቢነግሩህ መላ ጨምር ይባላል። እኛ ሰፈር ጌም ቤት ውስጥ መላው ተትረፈረፈ።

አንደኛው ወገን ተቆጣ። ምክንያትም ነበረው። ፒኤስፒ በዲሴምበር 2004 ጃፓን ውስጥ ሲወጣ አንድ አናሎግ ብቻ፣ ማለትም በአውራ ጣት የምትገፋ አንድ መቆጣጠሪያ ብቻ ነው የያዘው። በቤት ፕሌይስቴሽን ሁለቱን አውራ ጣት ያስለመደ ሰው፣ ፒኤስፒ ሲይዝ ቀኙ ምን እንደሚሠራ ይጨንቀዋል። ካሜራ ለማዞር ስንት መከራ ነበር። ሰው ለዓመታት ሁለተኛ አናሎግ ሲለምን ኖሮ፣ አሁን ተች? ሳይቸግር ጤፍ ብድር! በዚያ ላይ አይፎን በ2007 መጥቷል፤ የአፕ መደብሩ በ2008 ተከፍቷል። ሰዉ ሁሉ ስልኩ ላይ መጫወት ጀምሯል። «ከስልክ ጋር እንፎካከር ብለው ኮንሶሉን ስልክ ሊያደርጉብን ነው» አለ አንዱ። ሲናገር ድምፁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ፒኤስፒውን የሚወድ ልጅ ነው።

የጌም ቤቱ ባለቤት ደግሞ የራሱ ጭንቀት አለው። «ቁልፍ ሲበላሽ ከፍቼ ጎማውን እቀይራለሁ» አለን። «ይሄ ተች የምትሉት ሲበላሽ ምኑን ልቀይር?» ቀኑን ሙሉ ጆይስቲክ ሲፈታ የሚውል ሰው ነው። ያቺን ንግግሩን እስካሁን አከብራታለሁ። ዕቃው በእጅ ውስጥ ምን እንደሚደርስበት ከሁላችንም በላይ የሚያውቀው እሱ ነበር።

እኔ ከሌላኛው ወገን ነኝ። የእኛ ሙግት ይህ ነበር። ስክሪን ስትነካ ጣትህ የምትነካውን ነገር ይሸፍንብሃል። ስክሪኑ ባነሰ ቁጥር ችግሩ ይብሳል። ከጀርባ ከነካህ ግን ስክሪኑ ንጹሕ ነው። ከሥር ትገፋለህ፣ ከላይ ታያለህ።

ይህ ደግሞ ባዶ ምኞት አልነበረም። በ2007 ተመራማሪዎች ሉሲድተች የሚባል ከጀርባው የሚነካ መሣሪያ ሠርተው አሳይተዋል። ከኋላ ያሉት ጣቶችህ ስክሪኑ ላይ እንደ ጥላ ይታዩሃል። በ2009 ደግሞ ተመራማሪው ፓትሪክ ባውዲሽ ከባልደረባው ጋር ናኖተች የሚል ሥራ ይዞ መጣ። ስክሪኑ በጣም ትንሽ ቢሆን እንኳ፣ ከጀርባ ከተነካ ዒላማ መምታት እንደሚቻል አሳየ። ጣት ወፍራም ነው። ስክሪን ትንሽ ነው። ስለዚህ ጣቱ ወደ ኋላ ይሂድ። ያኔ ቆንጆ ሐሳብ ነው ብያለሁ። አሁንም እላለሁ።

ጃንዋሪ 27፣ 2011 ሶኒ ዕቃውን ቶኪዮ ላይ አሳየ። ለጊዜው ኤንጂፒ ብሎ ጠራው። ሁለት አናሎግ አለው። ባለ አምስት ኢንች ኦሌድ ስክሪን አለው። ፊቱ ተች ነው፤ ጀርባውም ተች ነው። ጁን ላይ ቪታ የሚለው ስም ወጣለት። ባለ ዋይፋዩ 249 ዶላር ተባለ። በዲሴምበር ጃፓን ገባ፣ በፌብሩዋሪ 2012 አሜሪካና አውሮፓ ደረሰ።

ጌም ቤቱ ውስጥ ሁሉም አሸናፊ ሆነ። አናሎግ የለመነው አናሎጉን አገኘ። ተች የፈለገው ተቹን አገኘ። ጭቅጭቁም በዚያው ቆመ። አሁን ሳስበው ያለ ጊዜው ነው የቆመው። ዋናው ጥያቄ ገና አልተነሳም ነበር።

ባትሪው ካለቀ በኋላ

ያ ጎል ከገባ በኋላ ጓደኛዬ ዕቃውን ለአንድ ሌሊት አዋሰኝ። ቤት ወስጄ ስጫወት ባትሪው አለቀ። ስክሪኑ ጨለመ። ቻርጀሩን አላመጣሁም። ጨዋታ ሲቋረጥ እጅ ወዲያው አይፈታም። እኔም እንደጨበጥኩት ቀረሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ዓይኔ ስክሪኑ ላይ አልነበረም። እጆቼ ላይ ነበር።

ጣቶቼን አንድ በአንድ አየኋቸው። ሁለቱ አውራ ጣቶች ከላይ ናቸው። ግራው አናሎጉ ላይ፣ ቀኙ ቁልፎቹ ላይ። ሁለቱ ሌባ ጣቶች ጠርዙ ላይ ናቸው፤ ኤልና አር የሚባሉትን ቁልፎች ይዘዋል። ይኸው አራት። የቀሩት ስድስቱስ?

ስድስቱም ከጀርባ ናቸው። የመሀሎቹ፣ የቀለበቶቹና ትንንሾቹ። ዕቃውን ተሸክመውታል። ቪታ ወደ 260 ግራም ይመዝናል። ከባድ አይደለም። ግን ሰዓት ሙሉ የሚሸከሙት እነሱ ናቸው። ቀስ ብዬ ገለበጥኩት። የጀርባው ሰሌዳ ላይ የፕሌይስቴሽን ትንንሽ ምልክቶች ታትመዋል፤ ሦስት ማዕዘኑ፣ ክቡ፣ መስቀሉ፣ አራት ማዕዘኑ። የጣቶቼ ጫፍ ያረፈው እነሱ ላይ ነው።

የሠሩት ሰዎች ይህን አላሰቡትም ማለት አይደለም። ከሰሌዳው ግራና ቀኝ ጣት የሚያርፍባቸው ጎድጎድ ያሉ ሁለት ቦታዎች አሉ። ጨዋታው ረጋ ያለ ሲሆን ጣቶቼ እዚያው ይቀመጣሉ። ሲጦፍ ግን ይወጣሉ። ቢወጡም አይፈረድባቸውም። አውራ ጣት ከላይ ወደ ቀኝ ሲገፋ፣ ከሥር ያለው ጣት ካልመለሰለት ዕቃው ከእጅ ይዞራል። እነዚያ ስድስት ጣቶች ሥራ የፈቱ ይመስላሉ እንጂ አንድ ደቂቃ አያርፉም። ይጨብጣሉ፣ ይለቃሉ፣ ይንሸራተታሉ። ይህን ሁሉ የሚያደርጉት እኔ ሳላዛቸው ነው። አላውቅባቸውም። ያን ቀን ማታም ኳሱን የመታው ጣት ዕቃው እንዳይወድቅብኝ እየታገለ ነበር።

ከዚያ ዓይኔ ወደ አውራ ጣቴ ተመለሰ። ነገሩ የገባኝ እሱን ሳይ ነው።

አውራ ጣቴ ቁልፉ ላይ ተቀምጧል። ነክቶታል። አልተጫነውም። ዕቃው በርቶ ቢሆን ኖሮ እንኳ ምንም አይፈጠርም ነበር። ቁልፍ ላይ መንካት አንድ ነገር ነው፤ መጫን ሌላ ነገር ነው። በሁለቱ መካከል በጣም አጭር መንገድ አለች። ከሥር ያለው ጎማ ጣትን ወደ ላይ ይመልሰዋል። በዚያች አጭር መንገድ ውስጥ ጣት ብዙ ነገር ይሠራል። ዓይን ሳያስፈልገው የትኛው ቁልፍ ላይ እንዳለ ያውቃል። ይጠብቃል። ልጫን ወይስ አልጫን ይላል። አንዳንዴ ትንሽ ወረድ ብሎ ሐሳቡን ይቀይራል። ጌሙ ይህን ሁሉ አይሰማም። የሚደርሰው የመጨረሻው ውሳኔ ብቻ ነው።

ቪታ ጀርባ ላይ ያለው ተች ይህች መንገድ የለችውም። የሚሠራው በደካማ የኤሌክትሪክ መስክ ነው። የሰው ጣት ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ ሲያርፍ መስኩን ይለውጠዋል፤ ዕቃውም ጣት መጣ ይላል። ግፊት አይጠይቅም። ደግፎ የያዘው ጣትና ሊመታ የመጣው ጣት ለሱ አንድ ናቸው። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚሉት ዓይነት ነው።

ክራር የሚገርፍ ሰው ቀርባችሁ አይታችሁ ከሆነ የምለው ይገባችኋል። ቀኝ እጁ ክሮቹን ሁሉ ይገርፋል። የግራ እጁ ጣቶች ደግሞ ክሮቹ ላይ አርፈው የማይፈለገውን ድምፅ ያፍናሉ። አንዱ ጣት ሲነሳ የሱ ክር ይጮሃል። ያረፉት ጣቶች ከሌሉ የሚሰማው ጩኸት ብቻ ነው፤ ዜማ የለም።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ለእኔ ጥሩ መቆጣጠሪያ ማለት ጣት ዝም እንዲል የሚፈቅድ ነው። ጌም ቤቱ ውስጥ ያን ሁሉ ስንጨቃጨቅ፣ ጥያቄያችን ተች ምን ይችላል የሚል ነበር። ተቃዋሚዎቹ ምንም አይችልም ይላሉ። እኛ ብዙ ይችላል እንላለን። ጣት ሳይናገር የሚቀመጥበት ቦታ የት ነው ብሎ የጠየቀ ከሁለታችንም ወገን አልነበረም።

ብዕሩ የሠራው ሥራ

ይህን ካየሁ በኋላ ኒንቴንዶ ዲኤስን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ። እሱም መጀመሪያ ሲሰማ ብዙ ሰው ግራ ገብቶት ነበር። በ2004 መጀመሪያ ኒንቴንዶ ሁለት ስክሪን ያለው ኮንሶል እየሠራሁ ነው አለ። ቆይቶ ደግሞ የታችኛው ተች ነው ተባለ። ተች ያለው የእጅ ኮንሶል ከዚያ በፊትም ተሞክሯል። ታይገር የሚባለው ኩባንያ በ1997 ጌም ዶት ኮም የሚል አውጥቶ አልተሳካለትም። ዲኤስ ግን 154 ሚሊዮን ገደማ ተሸጠ። በዚያው ዘመን የነበረው ፒኤስፒ ወደ 80 ሚሊዮን ነው የደረሰው። ይህ ሁሉ የተች ሥራ ነው አልልም። ጌሞቹም ዋጋውም አሉበት። እኔን የሳበኝ በእጅ አያያዙ ላይ የሆነው ነገር ነው።

የዲኤስ ተች የሚሠራው በግፊት ነው። ሁለት ስስ ንብርብሮች አሉ፤ ስትጫናቸው ይነካካሉ። በጥፍርም ይሠራል፣ በፕላስቲክ ብዕርም ይሠራል። ዋናው ነገር ብዕሩ ነው። ብዕር ስትይዝ ሥራው ለሁለት ይከፈላል። ግራ እጅ ዕቃውን ይይዛል፤ ቀኝ እጅ ብዕሩን። ብዕሩ ከስክሪኑ ከፍ ሲል ምንም አይልም። ሲያርፍ ይናገራል። እንደ ቁልፉ ሁሉ እዚህም የማሰቢያ ርቀት አለ፤ ከአየር እስከ ስክሪን ያለችው። የተሸካሚው እጅ ጣቶች ደግሞ ስክሪኑ አጠገብ አይደርሱም።

በ2005 የወጣውን የኪርቢ ጌም ያየ ያስታውሰዋል። ኪርቢ ኳስ ሆኖ ይንከባለላል፤ አንተ በብዕር መንገድ ትሥልለታለህ። ያንን በቁልፍ መሥራት አይቻልም። በዚያው ዓመት ጃፓን ውስጥ የአእምሮ ማሠልጠኛው ጌም ወጣ። ዕቃውን እንደ መጽሐፍ አቁመህ ትይዘዋለህ። መልሱን በእጅ ጽሑፍ ትጽፍለታለህ። ጌም ነክተው የማያውቁ ሰዎች ገዙት። መጻፍ የሚችል ሁሉ መጫወት ቻለ።

ያው ዲኤስ ግን ደካማ ጎን አለው፤ እሱም ቁልፍን ለመተካት የሞከረበት ቦታ ነው። ከዕቃው ጋር አብሮ ከወጡት ጌሞች አንዱ የድሮው ማሪዮ 64 ነበር። ዲኤስ አናሎግ የለውም። ስለዚህ አውራ ጣት ላይ የሚታሰር ማሰሪያ መጣ። በሱ ስክሪኑን እየገፋህ ማሪዮን ታስሮጣለህ። አናሎግ ስትለቀው ወደ መሀሉ ይመለሳል። ለስላሳ ስክሪን ግን መሀል የለውም። ጣት ቀስ በቀስ ይንሸራተትና መነሻውን ያጣል። በቁልፎቹ መጫወት የመረጠ ሰው ብዙ ነው፤ እውነት አለው።

ከወረቀቱ ሥር የወጣ ጣት

የቪታን ጀርባ የሚተቹ ሰዎች ሲያበዙት ቴርአዌይን አነሳባቸዋለሁ። ጊልድፎርድ፣ እንግሊዝ ያለው ሚዲያ ሞለኪውል በ2013 ያወጣው ጌም ነው። ዓለሙ በሙሉ ከወረቀት የተሠራ ነው። አንድ ቦታ ትደርሳለህ፤ መሬቱ ላይ ምልክት አለ። ከዕቃው ጀርባ በጣትህ ትገፋለህ። ስክሪኑ ላይ ወረቀቱ ይቀደድና ጣት ብቅ ይላል። ያንተ ጣት ነው የሚመስለው። ስታንቀሳቅሰው ይንቀሳቀሳል። ጠላቶቹን ትገፋበታለህ፤ ለዋናው ገጸ ባሕርይ መንገድ ትጠርግበታለህ።

መጀመሪያ ሳየው ልጅ ሆንኩ። የምሬን ነው። ለዓመታት የተሟገትኩለት ሐሳብ ምን ሊሆን ይችል እንደነበር ያኔ አየሁት። ጣቱ ከጀርባ መግባቱ ትርጉም አለው፤ ያለ ጀርባ ሰሌዳ ይህ ጌም የለም። በ2015 ለፕሌይስቴሽን 4 እንደገና ሲሠሩት ያ ነገር አብሮ ሊሄድ አልቻለም፤ ሌሎች ዘዴዎች ተኩበት።

ደግሞ ያን ጊዜ ሳላስተውለው ያለፈኝን አሁን አየዋለሁ። ቴርአዌይ ጀርባህን ሁሌ አይሰማም። ጣት የሚወጣባቸው ቦታዎች ተለይተዋል፤ እነዚያ የፕሌይስቴሽን ምልክቶች የታተሙበት ወረቀት መሬቱ ላይ ተነጥፎ ታየዋለህ። እዚያ ስትደርስ አያያዝህን አስተካክለህ ትገፋለህ። ከዚያ ውጭ ስድስቱ ጣቶችህ እንደፈለጉ ይያዙ፤ የሚከሳቸው የለም። ቁልፉ በጎማ የሠራውን፣ ዲኤስ በብዕር የሠራውን፣ እነዚህ በቦታ ሠሩት። ጥሩ ጌም ሠሪ የዕቃውን ጠባይ እንዲህ ይረዳዋል።

ስለ ተች ስናወራ አክስቴንም መርሳት አልፈልግም። የጣቶቿ መገጣጠሚያ ያማታል። ጆይስቲክ ብትይዝ ሁለት ደቂቃ አትቆይም፤ አናሎግ መግፋት ያቃጥላታል። ታብሌት ላይ ግን ቅርጽ መገጣጠም ትወዳለች። ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠውና በአንድ ጣት ነካ ነካ ታደርገዋለች። ግፊት የማይጠይቅ መሆኑ ለእኔ ችግር፣ ለሷ በር ነው። እሷ ዕቃውን በእጇ አትሸከምም፤ ስለዚህ ያለ ፈቃዷ የሚነካ ጣት የለም። ቁልፍ የሌለው ጌም ጌም አይደለም የሚሉ ልጆች እሷ ስትጫወት ቢያዩ ደስ ይለኛል።

ጀርባ ላይ የተገጠመ ቁልፍ

ቪታ ላይ የጎደለ አንድ ነገር ነበር፤ ከኤልና አር ሥር የሚቀመጡት ኤል2 እና አር2 ቁልፎች። የቤቱ ጆይስቲክ አላቸው፤ ቪታ የለውም። በ2013 መጨረሻ ፕሌይስቴሽን 4 ሲወጣ፣ የቤቱን ጌም በኢንተርኔት ቪታ ላይ ማጫወት ተቻለ። ታዲያ ኤል2 እና አር2 የት ይሁኑ? በብዙ ጌም ጀርባው ላይ ሆኑ። የሰሌዳውን አንድ ጎን ስትነካ ትተኩሳለህ፣ ሌላውን ስትነካ ታነጣጥራለህ። ዕቃውን የያዙት ጣቶች ያሉበት ቦታ ማለት ነው።

ከዚያ የሆነው ነገር ከጭቅጭቃችን ሁሉ የበለጠ አስተማረኝ። ሆሪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ለቪታ የሚገጠም መያዣ ሠራ። መያዣው እውነተኛ ኤል2 እና አር2 ቁልፎች አሉት። ቁልፉን ስትጫን የጀርባውን ተች ይነካልሃል። ሰዉ ገንዘብ አውጥቶ ተቹ ላይ ቁልፍ ገጠመበት። ለምን ብዬ አልጠይቅም። ጣት ሳይተኩስ የሚቀመጥበት ቦታ ፈልገው ነው።

ቪታ በ2019 ጃፓን ውስጥ መመረቱ ቆመ። የጀርባ ተችን ከዚያ ወዲህ የደገመው ትልቅ ኮንሶል የለም። የፊቱ ተች ግን ቀረ። ኒንቴንዶ ስዊች በ2017 ሲመጣ ስክሪኑ ተች ነው ተባለ፤ ነውም። ግን ቴሌቪዥን ላይ ስትሰካው ስክሪኑ አይደረስበትም። ስለዚህ ብዙ ጌም ሠሪ በሱ አይተማመንም። የፕሌይስቴሽን 4 ጆይስቲክም መሀሉ ላይ የተች ሰሌዳ ይዞ መጣ። አብዛኛው ጌም እንደ አንድ ትልቅ ቁልፍ ተጠቀመበት፤ ስትጫነው ካርታ ይከፈታል።

መልሱን ያገኘሁት ስቲም ዴክ ላይ ነው። ቫልቭ የተባለው ኩባንያ በ2022 ያወጣው የእጅ ኮንሶል ነው። ከባድ ዕቃ ነው፤ 669 ግራም። ስለዚህ የተሸካሚዎቹ ጣቶች ነገር የግድ ነው። ጀርባው ላይ ተች የለም። አራት ቁልፎች አሉ፣ ልክ ጣቶች በሚያርፉበት ቦታ። ታርፍባቸዋለህ፤ ካልጨመቅካቸው ዝም ይላሉ። ፊቱ ላይ ደግሞ ሁለት የተች ሰሌዳዎች አሉ፤ የኮምፒዩተር ማውዝ ለሚፈልጉ ጌሞች። በጣም የወደድኩት ግን የአናሎጎቹን ራስ ነው። የጣትን መንካት ያውቃሉ። አውራ ጣትህ አናሎጉ ላይ ካረፈ ዕቃውን ዘንበል እያደረግክ እንድታነጣጥር ማድረግ ትችላለህ፤ ጣትህን ስታነሳ ይቆማል። እዚህ ላይ ማረፍ ራሱ ጥቅም አገኘ። መተኮሻው ግን አሁንም ቁልፍ ነው፤ መጫን ይፈልጋል።

አሁን ደግሞ ሌላ ወሬ አለ። በኖቬምበር 2024 ብሉምበርግ የተባለው የዜና ድርጅት፣ ሶኒ አዲስ የእጅ ኮንሶል እየሠራ ነው ብሎ ጽፏል። የአክስቴ ልጅ ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም። ተች ይኑረው አይኑረው እያለ ከጓደኞቹ ጋር ይሟገታል። የሚሉት ነገር ሁሉ ከዓመታት በፊት ጌም ቤት ውስጥ የሰማሁት ነው። ስልክ ሊያደርጉብን ነው የሚልም አለ።

ባለፈው ቤት ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መጽሐፍ ሰጠሁትና እንደ ኮንሶል ያዘው አልኩት። ያዘው። «ከሥር ያሉት ጣቶችህ የት ናቸው?» ገልብጦ አየና ሳቀ። ከዚያ ወዲያው ሌላ ጭቅጭቅ ጀመርን። እሱ ጀርባው ላይ ተች ይኑር፣ ግን ጠበቅ አድርገህ ስትጫን ብቻ ይስማ ይላል። እኔ ጀርባው ለጣቶች ይተው፣ ተቹ ስክሪኑ ላይ ይብቃው እላለሁ። አክስቴም ስክሪኑ ላይ ይሁን አለች፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ መንካት ስለምትችል። አልተስማማንም። ኤል2 እና አር2 እውነተኛ ቁልፍ ይሁኑ በሚለው ላይ ብቻ ሦስታችንም አንድ ነን።